ሕዝብ የተባሉት ጎረቤቴ

የድሮ ካሴት ሽፋን አንብባችሁ ታውቃላችሁ? የዘፋኙ ፎቶ አለ፤ ከሥሩ የዘፈኖቹ ስም፤ ከዚያ በጥቃቅን ፊደል «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ይላል። ለመሆኑ ይሄ ሕዝብ የሚሉት ሰው ማነው? ያን ሁሉ ዘፈን ደርሶ እንዴት አንድ ቀን እንኳ ፎቶው አይወጣም? እናንተ ላታውቁት ትችላላችሁ። እኔ ግን አውቃቸዋለሁ። እዚሁ ሰቆጣ፣ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው፤ እማማ ሙሉ ይባላሉ።

እማማ ሙሉ ደሴ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። ልብ አድርጉልኝ፣ ከተማው አይደለም፣ ልጅ ነው። ሲወለድ ደስ ቢላቸው ጊዜ ያወጡለት ስም ነው። መለሎ፣ ሳቂታ፣ አብሮ አደጌ ነበር። ፍየል ሊገዛ አበርገሌ ወረደና ተከዜን ሲሻገር ውሃው ወሰደው። አስከሬኑም አልተገኘም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ መቃብር ለሌለውስ ተረቱ ምን ይላል? እኔ እንጃ።

ለቅሶው ከተበተነ በኋላም እማማ አልተዉትም። ግቢያቸው ቁጭ ብለው ጥጥ እየፈተሉ በአገራችን በአገውኛ፣ በኽምጣንጋ ያንጎራጉራሉ። በየስንኙ መጨረሻ «ደሴ፣ ደሴ» ይላሉ።

በዚያን ሰሞን ታዲያ ቴፕ አንግቦ ዜማ የሚለቅም አንድ የሙዚቃ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። ከአጥሩ ማዶ፣ ባለሱቁ ጋሽ ሰይድ በረንዳ ላይ ሻይ ሲጠጣ የእማማን ድምፅ ሰማ፤ ቴፑን ከፈተ። ኽምጣንጋ የት ያውቃል! ከዚያ ሁሉ ቃል የገባችው አንዷ ብቻ ናት። ጋሽ ሰይድን፣ እኚህ እናት ስለ ምንድን ነው የሚያንጎራጉሩት ብሎ ጠየቃቸው። ጋሽ ሰይድም ሥራ ላይ ነበሩና ስኳር እየመዘኑ፣ ስለ ደሴ ነው አሉት። ዋሹ እንዴ? አልዋሹም።

ምን ልበላችሁ፣ ዓመት ሳይሞላ ካሴቱ ወጣ። ኦርጋን ገብቶበት፣ ሙሾው ጭፈራ ሆኖ! ዘፋኙ ደሴ ያለች ቆንጆ ናፍቃው ሊሄድ ነው፤ አውቶቡሱ ዘገየብኝ ይላል። ዘፈኑ ደግሞ አላረጀም። ካሴት የሚባለው ነገር ቀርቶ እሱ ይኸው በየስልኩ አለ፤ ዛሬም ያለሱ ሠርግ የለም። የሰፈሩ ሰው ዜማውን ገና እንደሰማ አውቆታል። ግን ለማን አቤት ይባላል? ጋሽ ሰይድ እስኪሞቱ ድረስ፣ ልጃቸው ነው ብል ምን ነበረበት እያሉ ሲጸጸቱ ኖሩ።

ባለፈው ጥር እህቴ ልጇን ስትድር ዲጄው ይህንኑ ለቀቀው። ከደሴ ተመድቦ የመጣ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የአገሬ ዘፈን ብሎ ዘሎ መሀል ገባ፤ ድንኳኑ በአንድ እግሩ ቆመ። እማማ ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ደሜ ፈላ። ላስዘጋው ብድግ ስል እጅጌዬን ያዙኝ።

«ቁጭ በል» አሉኝ። «ስሙን የምጠራው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ስሞት ማን ሊጠራው ነው? አታይም፣ አገር ሁሉ እየጠራልኝ።»

ከዚያ ማጨብጨብ ጀመሩ። እጃቸው ያጨበጭባል፣ እንባቸው ይወርዳል። ሙሽሪት ደስታ መስሏት መጥታ ሳመቻቸው። እኔም አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ። ወንድ ልጅ ሠርግ ላይ ያለቅሳል ወይ የምትሉኝ ከሆነ፣ እናንተ እዚያ አልነበራችሁም።

ከዚያ ወዲህ እማማ አመል አወጡ። ጠዋት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መናኸሪያ ጎራ ይላሉ። የደሴው አውቶቡስ ረዳት «ደሴ! ደሴ! የቀረ ደሴ!» እያለ ሲጣራ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ። የቀረ ደሴ! ሰሙ የረዳቱ ነው፤ ወርቁ የእማማ። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ፣ አዲስ ረዳት ነው መሰለኝ፣ ተሳፋሪ መስለውት ተጠጋና «እማማ፣ ደሴ ነዎት?» አላቸው።

«እናቱ ነኝ» አሉት።

ረዳቱ በሳቅ ፈረሰ። እንኳን ማርያም ማረችዎ፣ ትልቅ ከተማ ነው የወለዱት አላቸው።

እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«አዎ ልጄ» አሉት፤ «አደገልኝ።»