በኮሮና ጊዜ ያራዘምነው ልጅ

ኮሮና የገባ ሰሞን የጂንካ ሰው ሁሉ ነቢይ ሆኖ ነበር። አንዱ ዓለም ልታልቅ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ባልና ሚስት ቤት ተዘግቶባቸው ምን ሊሠሩ ነው፣ በዘጠኝ ወሩ አገሩ ልጅ በልጅ ይሆናል ብሎ ይስቃል። ወንዶች ነን መቼም፤ ስለ መውለድ ስናወራ ምጡን የምናምጠው እኛ እንመስላለን።

እኔ ከጂንካ ወጣ ብላ ባለችው የገበያ ከተማ፣ አልዱባ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ማርታ እዚያው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሩን። ሦስተኛውን ለመውለድ ተስማምተን፣ እሷ የወሊድ መከላከያ መርፌዋን ልታቆም ስትል ወረርሽኙ ደረሰ። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ይሄ ነገር ሳይለይለት አልወልድም አለችኝ። እናቴ ከጂንካ በየቀኑ እየደወለች ወንድ ልጅ ትለምነኛለችና፣ ልጅ በዕድሉ ያድጋል ብዬ ተከራከርኳት።

"ልጁስ በዕድሉ ይደግ፤ እኔ በማን ዕድል ልውለድ?" አለችኝ።

በክርክር የተረታ ባል ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። አኮረፍኩ።

ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ገበያውም ተበተነ። የገበያው መበተን ለእኔ በርበሬ ማጣት ነበር፤ ለማርታ ግን ሌላ ነው። ከሩቅ መንደር የሚመጡት የበና ብሔረሰብ ሴቶች የሦስት ወር መርፌያቸውን የሚወጉት ገበያ ሲወጡ ነዋ! በዚያ ላይ በሽታው በመርፌ ይገባል የሚል ወሬ ተነዛ። ማርታ ቀጠሮ ያለፋቸውን ሴቶች በስም ታውቃቸዋለች። ጭንብሏን አድርጋ፣ መድኃኒቷን በካርቶን ይዛ በእግሯ ወጣች። እኔም ኩርፊያዬን ሳልፈታ ካርቶኑን ተሸከምኩላት።

ዱካ ከምትባል ሴት ደጃፍ ስንደርስ ፀሐይ አናታችን ላይ ነበረች። ዱካ የአምስት ልጆች እናት ናት። የመጨረሻውን ስትወልድ ብዙ ደም ፈስሷት፣ በቃሬዛ አስወጥታ ሆስፒታል ያደረሰቻት ማርታ ነበረች፤ ቶሎ እንዳትደግምም ሐኪሞች አስጠንቅቀዋታል። ባሏ ግን በሩ ላይ ቆሞ መርፌው አይገባም አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። አንዴ ከሞት አፍ የተመለሰችለትን ሚስት ደግሞ በመርፌ እንዳያጣ ፈርቶ ነው።

ማርታ አልተቆጣችም። ራቅ ብላ ከግራሩ ሥር ተቀመጠችና በቋንቋቸው ብዙ አወራችው። በመጨረሻ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ስታሳየው፣ እሷም ሰሞኑን መወጋቷን እየነገረችው እንደሆነ ገባኝ። ሰውየው ወደ እኔ ዞረ።

"አንተ ባል ነህ?" አለኝ በገበያ አማርኛው። "እውነት ነው? አንተ እሺ አልክ?"

እንግዲህ ፍረዱኝ። እሺ አላልኩም ነበር እኮ። ዱካ ዓይን ዓይኔን ታያለች፤ ማርታ መሬት መሬት ታያለች።

"መጀመሪያ እንቢ ብዬ ነበር" አልኩት። "አሁን ግን እሺ ብያለሁ። ልጅ ይደርሳል፤ ሚስቴ ግን አንድ ናት።"

እሺ ማለቴን እኔም የሰማሁት ገና ያን ጊዜ ነው። ሰውየው ከበሩ ዞር አለ። ማርታም ዱካ አለማርገዟን አረጋግጣ ወጋቻት። ስንመለስ መንገድ ላይ ካርቶኑን ተቀበለችኝ።

በእነዚያ ወራት ስንት ደጃፍ እንደረገጠች እኔ ነኝ የማውቀው፤ ጫማዋን ሁለት ጊዜ አሰፍቼላታለሁ። የእኛም ሦስተኛ ልጅ ነገሩ ከረገበ በኋላ፣ እናቷ በመረጠችው ጊዜ በሰላም ተወለደች። ሴት ናት። እናቴ አሁንም ትደውላለች።

ገበያው እንደገና ሲቆም የዱካ ባል ከሩቅ አየኝና እጄን ይዞ ለጓደኞቹ አስተዋወቀኝ፤ መምህር ብሎ ግን አይደለም፣ "የማርታ ባል" ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ አልዱባ ውስጥ በሌላ ስም የሚጠራኝ የለም። መጀመሪያ ትንሽ ከንክኖኝ ነበር። አሁን ሲጠሩኝ፣ ሁለተኛ ሳላስጠራ አቤት እላለሁ።