በጋቢ የተጠቀለለው ማረሻ

አንባቢ ሆይ፣ ሌባ ፈርቶ ቤቱን ቆልፎ ራሱ ደጅ የሚያድር ሰው አይተው ያውቃሉ? እኔ በጃንሆይ ዘመን ቡሬ አጠገብ አይቻለሁ። አንጥረኛው አያ ውበቱ አፈር ደህና አድርጎ የሚገለብጥ አዲስ ማረሻ ሠሩ። ቅርጹ እንዳይቀዳባቸው በጋቢ ጠቅልለው ወደ እርፍ ጠራቢው አያ ደምሴ ወሰዱት።

«እርፍ ይጥረቡለት፤ ማየት ግን የለም!»

«አፉን ሳላይ በምን ልግጠመው?»

«ነግረውብኝ አገር ሁሉ ቢሠራውስ?»

ተኳርፈው ተለያዩ። ዝናቡ ሲጥል አያ ውበቱ እርፉን ራሳቸው ጠርበው፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ በሬ ጠመዱ። ገና በመጀመሪያው ትልም ማረሻው ወልቆ ጭቃ ዋጠው። ሰዉ ተጎንብሶ ሲዳብስ ያገኙት አያ ደምሴ ናቸው። አገላብጠው አዩትና «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልኩን አገኘሁ» አሉ።

እርፉ በማግስቱ ደረሰ። ከዚያ በኋላማ ገበሬው ከሽንዲ ሳይቀር ማረሻ ሊያሠራ ይመጣ ጀመር። ሌሎች አንጥረኞችም ቀዱት፤ አያ ውበቱ ግን ለመናደድ ጊዜ አላገኙም።