አያ ታከለ ለቅልቅል የለበሰው ጎማ

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ጠጋ ማለት በር ላይ ቆሞ ጆሮ መስጠት አይደለም፤ ግቡና ተቀመጡ፣ በሩንም መልሱት፣ የእንጅባራ ብርድ ሳይጠራ ይገባል። ስልክ ያላችሁ ድምፁን አጥፉት። አፉ ውስጥ ድንች ያለ ሰው ዋጥ ያድርግና ዝም ይበል። መሃል ላይ የሚያቋርጠኝ ካለ ወሬውን እሱ ላይ ነው የማዞረው፤ የያንዳንዳችሁን ጉድ አውቃለሁ። ዝም አላችሁ? ጥሩ።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ መልስ ግን አልፈልግም። ሰው ሊሠራ ሲሄድ ምን ይይዛል? መጥረቢያውን ይይዛል፣ ወይ ሞፈሩን ይሸከማል፣ አለቀ። ሊዝናና ሲሄድስ? ሻንጣ፣ ሻንጣው ላይ ሌላ ሻንጣ፣ ለሻንጣው ደግሞ ዣንጥላ። የዛሬ ሰው ልረፍ ብሎ ሲነሳ አህያ እምቢ የምትለውን ጭነት ተሸክሞ ነው። ዘንገና ሐይቅን ሊያዩ የሚመጡትን ተመልከቷቸው፤ ወንበር ሁሉ ይዘው ይመጣሉ፣ ሳር ላይ መቀመጥ የሚያሳስር ይመስል። እኔም ስስቅባቸው ኖሬ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ከሁሉም የባሰው ጭነት ከገዛ ወንድሜ ቤት ወጣ።

ወንድሜ አያ ታከለ የማታውቁት እንዳላችሁ ብዬ ልንገራችሁ። ቤቱ ዘንገና አጠገብ ነው። ፈረስ ላይ ሲወጣ ፈረስና ሰው መሆኑን ትረሳላችሁ፣ አንድ እንስሳ ነው የሚመስለው። ጥር ላይ ፈረሰኛው ሁሉ ተሰብስቦ ሜዳው ሲንቀጠቀጥ ከፊት አቧራ የሚያስነሳው እሱ ነው። ገደል አይፈራም፣ ዳኛ አይፈራም፣ ሚስቱን እትዬ ጥሩዬን እንኳ በመጠኑ ነው የሚፈራት። ውሃ ሲያይ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ዘንገና ዳር ያደገ ልጅ ሁሉ፣ ሐይቁ መጨረሻ የለውም፣ የገባ አይወጣም እየተባለ ነው ያደገ። እኔ ተማርኩና ተውኩት፤ ስድስተኛን ጨርሻለሁ፣ ሰባተኛንም በመስኮት አይቼዋለሁ። አያ ታከለ ግን እስከ ዛሬ ፈረሱን ሲያጠጣ ከኋላ ሆኖ ጅራቱን ይይዛል። ሐይቁ እንዳይወስድበት።

እንግዲህ የዚህ ሰው ልጅ፣ ስመኝ፣ ባህር ዳር አገባች። ሠርጉ እኛ ዘንድ በወጉ አለፈ፣ ቅልቅሉን የመደገስ ተራ የሙሽራው ቤት ሆነ። ቅልቅል እኛ የምናውቀው ሁለቱ ቤተሰብ አንድ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ፣ በልቶ፣ ጨፍሮ፣ ከዚህ በኋላ አንድ ነን ተባብሎ የሚለያይበት ነው። የሙሽራው አባት አቶ ገዳሙ ግን የሲሚንቶና የብረት ነጋዴ ናቸው፣ ዳስ አነሳቸው። ጣና ላይ ሁለት ፎቅ ያለው ጀልባ ለሙሉ ቀን ተከራዩ። ክሩዝ ነው ተባልን። ክሩዝ ማለት እኔ እንደገባኝ ሆቴል ሆኖ መሬት የሌለው ነገር ነው።

አያ ታከለ ይህን ሲሰማ ትኩሳት ያዘው። ስመኝ በስልክ አለቀሰች። «አባዬ፣ አንተ ከቀረህ ናቁን ነው የሚሉ። ዕድሜ ልኬን ስሰማው ልኖር ነው» አለችው። ልክ ናት። ቅልቅል ላይ የሙሽሪት አባት ከቀረ ሠርጉ ግማሽ ነው፣ ግማሹን ደግሞ ልጅቱ ናት የምትበላው፣ በየበዓሉ፣ በየወጡ መሃል።

«እሺ፣ እመጣለሁ» አለ አያ ታከለ። «በማላውቀው ፈረስ ላይ ግን ያለ ልጓም አልወጣም።»

ልጓሙ ከጅቡቲ መጣ። ትልቁ ልጁ ደሴ እዚያ ፈረንጆችን ባሕር ስር እያስጠለቀ ዓሣ የሚያሳይ ቤት ውስጥ ይሠራል። አባቱ ደውሎ ውሃ ላይ የማያስሞት ዕቃ ላክ ሲለው፣ ልጁ ምን ያድርግ፣ የጠላቂዎቹን ዕቃ ሰብስቦ በአውቶቡስ ላከ። ከረጢቱን ስንፈታ ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ። አፍንጫ ድረስ የሚሸፍን መነጽር፤ የዳክዬ እግር የመሰለ የጎማ ጫማ፤ ፊሽካ፤ የእጅ ባትሪ፤ ሲነፉት ከሰው ቁመት የሚበልጥ ብርቱካንማ ፊኛ፣ ውሃ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰው እዚህ አለ የሚል። ከሁሉም በላይ አንድ የጎማ ሰደርያ። ውስጡ አየር የታፈነበት ትንሽ ጠርሙስ አለው፣ ከጎኑ ቀይ ገመድ ተንጠልጥሏል።

ደሴ በስልክ አስረዳን። «ቀዩን ገመድ» አለ፣ «ቀዩን ገመድ በጭራሽ...» ኔትወርኩ ሄደ። ብንደውል አልያዘም። በጭራሽ ምን? በጭራሽ አትንኩት ይሆን፣ በጭራሽ አትልቀቁት ይሆን፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅነውም።

አያ ታከለ ሰደርያውን የለበሰው ፈረስ እንደሚጭን ነው። ማሰሪያውን አጠበቀ፣ ጣቱን ከስር አስገብቶ ላልቶ እንደሆነ አየ፣ ደግሞ አጠበቀ፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዶ ተንጠራራ። «ተጭነሃል አያ፣ አሁን እርካብ ብቻ ነው የጎደለህ» አልኩት። በአገውኛ መለሰልኝ። የመለሰልኝን እዚህ አልደግመውም፣ ሴቶች አሉ።

ስመኝ አንድ ነገር ለመነችው፦ ከለበስክም ከጋቢ ስር ይሁን፣ አማቾቼ እንዳያዩት። እሺ አለ። በሚኒባስ ስንሄድ ግን መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንዳደረገ ነበር፣ ልልመደው ብሎ። ዳንግላ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም አንድ ባጃጅ ነጂ አንገቱን አስግጎ ሲያየው ቆየና፣ «አባባ፣ ማር ሊቆርጡ ነው? አጎቴም ቀፎ አለው፣ ልውሰድዎ» አለው። እኔ ባህር ዳር እስክንገባ ድረስ ቀፎው ደህና ነው ወይ እያልኩ ሳበሽቀው ሄድኩ። እትዬ ጥሩዬ መስኮቱን ታያለች፣ ምንም አትልም። እትዬ ጥሩዬ ዝም ስትል ፍሩ።

ጀልባው ጋ ስንደርስ የሙሽራው ወገን ተሰልፎ ይጠብቀናል፣ እልልታው ሐይቁን ያንቀጠቅጠዋል። አያ ታከለ ጋቢውን እስከ አገጩ ተጀቡኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እኔና የሙሽራው ሚዜ በሁለት ወገን ይዘነው መሳፈሪያዋን ጣውላ ተሻገረ። አቶ ገዳሙ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ትልቅ ስል በሁሉም በኩል ነው። እጃቸውን ዘርግተው መጡ። «እንኳን ደህና መጡ አማቻችን» ብለው አቀፉት።

የኛን አገር አስተቃቀፍ ታውቁታላችሁ። ትከሻ ለትከሻ አንዴ፣ በዚያ በኩል ሌላ፣ ደግሞ ወደዚህ፣ መዋደዱ በጠነከረ ቁጥር ግጭቱም ይጠነክራል። አማቻችን በጣም ወደዱት። ሦስተኛው ላይ የሰዓታቸው ማሰሪያ ከጋቢው ሥር ሾልኮ የነበረውን ቀይ ገመድ ያዘ። እጃቸውን መለስ ሲያደርጉ ፍሽሽሽ አለ። ጋቢው እንደ ሊጥ ኩፍ ሲል አየሁ። ጎማው በአንድ ትንፋሽ ተነፋና አቶ ገዳሙን ደረታቸው ላይ ገፍትሮ ከኋላቸው ለድግሱ የተቀመጠው ዳቦ ላይ አስቀመጣቸው። ገና ያልተቆረሰው ዳቦ ላይ።

እልልታው ቆመ። ሁሉም ያየው የሙሽሪት አባት ሊያቅፉት የመጡትን አማቹን በአደባባይ ሲገፈትር ነው። ጋቢው ተከፍቶ ጎማው ሲታይ ደግሞ ሳቁ ተነሳ፣ ሳቁ ከዝምታው ባሰ። ስመኝ ቬሎዋን ይዛ ቆማለች፣ ፊቷ ኖራ መስሏል።

ጀልባው ተነሳ፣ ምግቡ ቀረበ፣ ኪቦርዱ ጮኸ። አቶ ገዳሙ ግን ከዳር ያለው አጥር ላይ ወጥተው፣ ጀርባቸውን ለውሃው ፊታቸውን ለቅያሜ ሰጥተው ተቀመጡ። ሽምግልና ገባን። እኔ መሃል ነኝ፣ መቼስ ያለ እኔ አይሆንም።

«ጎማውን ያውልቁና እንደ ሰው ይቀፉኝ» አሉ አቶ ገዳሙ። «አለዚያ ይኼ ቅልቅል አይባልም። እኔ ከጎማ ጋር አልተጋባሁም።»

ወደ አያ ታከለ ሄድኩ። መሃል ላይ ምሰሶ አቅፎ ተቀምጧል፣ መነጽሩ ፊቱ ላይ፣ የዳክዬ ጫማው እግሩ ላይ፣ ፊኛው ጎኑ ላይ እንደ ሁለተኛ ሚዜ ተገትሯል። «የብስ ላይ እንውረድ እንጂ» አለ፣ «እስኪሰለቻቸው አቅፋቸዋለሁ።»

«አያ፣ እስከ ወገቡ አማች፣ ከወገቡ በታች ዓሣ የሆነ ሰው ገና አንተን አየሁ» አልኩት። ምሰሶውን ጠበቅ አደረገ። ያን ጊዜ ስመኝ መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች። «አባዬ» አለችው፣ «ማምሻውን አንተ እንጅባራ ትመለሳለህ። እኔ እዚህ ነኝ የምቀር።» እጁን ወደ ማሰሪያው ሲልክ አየሁ። ጣቱ ነካው። ከዚያ ውሃውን አየና እጁን መለሰ። እውነቴን ነው፣ እኔም መቀለዴን ተውኩ። ለጥቂት።

የጀልባው ነጂ ጭፈራውን ሲያይ ነበር መሰለኝ፣ ደንገል የበቀለበት ጥግ ስንደርስ ጀልባው አንድ ነገር ገጭቶ ጓ ብሎ ቆመ። ሳህኑም፣ ሰዉም፣ ኪቦርዱም ወደ ፊት ሄደ። አቶ ገዳሙ ብቻ ወደ ኋላ ሄዱ። እግራቸውን ሽቅብ አየነው፣ ከዚያ እሱንም አላየነውም።

ጩኸት ሆነ። ወጣቱ ሁሉ ስልኩን አወጣ፣ ሊቀርጽ። እኔ ባዶ ጀሪካን አቅፌ አግዳሚ ወንበር ስር ነበርኩ፤ ሰው የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል ብዬ። አያ ታከለ ተነሳ። ያን አንድ ሰዓት ሙሉ ያልተፈታ ማሰሪያ በአንድ እጁ በጠሰው፣ ሰደርያውን አወለቀና «ይያዙት» ብሎ ለአቶ ገዳሙ ወረወረላቸው። ብቅ ሲሉ አናታቸው ላይ አረፈ፣ መልሰው ሰጠሙ። አያ ታከለ አማተበ፣ ፊሽካውን ነከሰ፣ ከነመነጽሩ ከነዳክዬ እግሩ ዘለለ። ዕድሜውን ሙሉ የፈረስ ጅራት ይዞ የኖረ ሰው።

ውሃው ተረጨ፣ ፊሽካው ጮኸ፣ ጭቃው ደፈረሰ። ከዚያ ሁለቱ ተቃቅፈው ብቅ አሉ። ብቅ ብለው ቆሙ። ቆሙ ነው የምላችሁ። ጣና እዚያ ጋ ከወገባቸው አላለፈም፤ ጀልባዋም የቆመችው ደለል ላይ ነው። አቶ ገዳሙ አንገቱ ስር ገብተው አልለቅም ብለዋል፣ በመሃላቸው ጎማ የለ፣ ቀይ ገመድ የለ፣ እርጥብ ጋቢ ብቻ። ስመኝ እልል አለች። በራሷ ቅልቅል ራሷ እልል ያለች ሙሽራ እሷን ነው ያየሁ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፣ ወንድ ግን ሲድን ዝም አይልም።

«ባልደርስልዎ ኖሮ አልቆልዎት ነበር» አለ አያ ታከለ፣ ፊሽካውን ተፍቶ።

«እኔ ቆሜ ነበር እኮ» አሉ አቶ ገዳሙ። «እርስዎ ነዎት በአፍጢምዎ የመጡ፤ በብብትዎ ይዤ ባላነሳዎ...»

«ማን ማንን? አንገትጌዎን የያዘ ማን ሆነና?»

«መነጽር አድርገው ምን ያያሉ እርስዎ!»

የሙሽራው ወገን ለአባቱ፣ የኛ ወገን ለአያ ታከለ ምስክር ሆኖ ሲጯጯህ፣ እኔም ከጀሪካኔ ጋር ወጥቼ ልዳኝ አፌን ስከፍት፣ ከእንጅባራ ጀምሮ ቃል ያልተነፈሰችው እትዬ ጥሩዬ ነጠላዋን አጣፍታ አጥሩን ተደግፋ ቁልቁል አየቻቸው።

«ሁለታችሁም ቆማችኋል» አለች። «ከቆማችሁ አይቀር ጀልባዋን ግፉ።»