ሁለት ገና፣ አንድ ባጃጅ

ለመሆኑ እናንተ ቤት ገና በዓመት ስንት ጊዜ ነው የሚመጣው? አንዴ? ታድላችሁ። እኛ ቤት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ሁለቴም ታዲያ በእኔ ላይ ተረማምዶ ነው የሚያልፈው።

ላስረዳ። ማስረዳት እወዳለሁ። ከአሥረኛ ክፍል ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት በራሴ አንብቤ ነው። በራሱ ያነበበ ሰው ደግሞ የሚፈትነው መምህር ስለሌለው፣ እሱ ራሱ መንገደኛውን ይፈትናል። እኔ ባጃጅ ስለምነዳ መንገደኛ አላጣም።

ጋምቤላ ውስጥ ታኅሣሥ ሲጋመስ፣ አብዛኛው ፕሮቴስታንት የሆነው አኙዋውና ኑዌሩ ነጭ ለብሶ፣ ከበሮውን ይዞ ገናን ያከብራል። እኛ ከደጋ የመጣን ኦርቶዶክሶች ያን ጊዜ የነቢያት ጾም ላይ ነን። የእኛ ገና የሚደርሰው ሁለት ሳምንት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። አንዱ ጎረቤት የበዓሉን ቄጠማ ጠርጎ ሲያወጣ ሌላው ሽንኩርት መላጥ ይጀምራል። ከተማው በሙሉ ለግማሽ ወር ወይ እያከበረ ነው፣ ወይ እየተዘጋጀ።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ለሥራ የመጣ ሰውዬ ከገበያው ጫንኩ። «ለመሆኑ ትክክለኛው የቱ ነው?» አለኝ። ሰው ለማወቅ ሲጠይቅና ዝም ላለማለት ሲጠይቅ ልዩነት እንዳለው ማን ነግሮኝ? ስለ ዘመን አቆጣጠር ጀመርኩለት። ፀሐይን አነሳሁ፣ ጳጉሜን አነሳሁ፣ በየዓመቱ የምትተርፈውን ሩብ ቀን ማን የት እንዳደረሳት አነሳሁ። ሰውዬው «እዚህ ጋ ይበቃኛል» አለ። ሆቴሉ ጋ ለመድረስ ብዙ ይቀረው ነበር። በዚያ ሁሉ ፀሐይ በእግሩ ሄደ። በመስታወት ሳየው ፊቱ ላይ እፎይታ ነበር።

ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይላሉ። እውነት ነው፤ በባጃጅ ነው የሚጫነው። ይኸው ወደ ዋናው ነገሬ ሳልገባ ሩቅ ሄድኩ።

ዋናው ነገር እናቴ ናት። እማዬ ልጅ ሆና ነው ከወሎ በሰፈራ የመጣችው። የምትኖረው አቦቦ፣ ከአልዌሮ ግድብ ወዲህ ባለው መንደራችን ውስጥ ነው፤ እስካሁን ማሳዋን አልለቀቀችም። ታላቅ ወንድሜ ደረጀ እዚህ ከተማ ነርስ ነው። ሚስቱ አሪየት አኙዋ ናት። ባልና ሚስቱ የሚኖሩት በአሪየት እናት፣ በእማማ አጁሉ ግቢ ውስጥ፣ ባሮ ወንዝ አጠገብ ነው። ሰዎቹ እነዚህ ናቸው፤ ብዙ አይደሉም፤ ግን ይበቃሉ።

አምና እማማ አጁሉ በገናቸው ጠሩን። ፍየል ታርዷል፣ ዓሣ ተጠብሷል። በእማማ አጁሉ ቤት ደግሞ አንድ ደንብ አለ፤ እንግዳ ሳይቀምስ የቤቱ ሰው እጁን አይሰድም። እማዬ ጾመኛ ናት። የታሸገ ውሃዋን ይዛ፣ ፈገግ ብላ ተቀመጠች። ሰዉ ጠበቀ። ምግቡ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ እማማ አጁሉ ሳህኑን ከፊቷ አነሱት። ማታ ለአሪየት «እጄን ተጸየፈች» አሏት።

በእኛ ገና ቀን እማዬ በተራዋ ዶሮዋን ሠርታ፣ ጠላዋን ጠምቃ፣ መንገድ መንገዱን እያየች ዋለች። እማማ አጁሉ ቀሩ። «ናቁኝ» አለች እማዬ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል። ተረቱ ስለ ጌቶች ነው የተናገረው። ስለ ሙሽሮች እናቶች አንድም ነገር አላለም።

እንዲህ ሆነው ዓመት ሞላቸው። በመሃል አሪየት አረገዘች። ዘንድሮ ታኅሣሥ ሲገባ ወሯ ደርሶ ነበር። እማዬ የገንፎውን ዱቄት አስፈጭታ፣ ማሩን አስቀምጣ፣ አቦቦ ላይ ቁጭ። ለምን? የአራሷ ቤት በር በእማማ አጁሉ ግቢ በኩል ነዋ። «ሳልታረቅ በየት በኩል ልግባ? በአጥር ልዝለል?» አለችኝ። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። የመጀመሪያ የልጅ ልጇን እንደ ጎረቤት ልጅ በወሬ ልትሰማው ነው።

ደረጀ መጥቶ ባጃጄ ውስጥ ተቀመጠ። «አንተ ማስረዳት ትወዳለህ» አለኝ። «እስቲ ሁለቱን አስረዳልን። ዘንድሮ በእነሱ ገና ይታረቁ። ግን አደራህን፣ አጭር አድርገው።»

የመጨረሻዋን ነገር የሰማኋት አይመስለኝም።

መጀመሪያ እማማ አጁሉ ጋ ሄድኩ። ለበዓሉ የቤቱን ግድግዳ በጭቃ እየለሰኑ ነበር። ጾም ማለት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም አልኳቸው።

«እሺ። ሌላስ?» አሉኝ።

ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው «ሌላስ?» ማለት ለጅብ በር ከፍቶ መተኛት ነው። እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል እንደማትቀምስ ነገርኳቸው።

«ሌላስ?»

ዓሣ ላይ ብዙ ቆየሁ። የሚበላ አለ፣ የማይበላ አለ፣ እማዬ ከማይበሉት ናት አልኩ። እማማ አጁሉ እጃቸውን ከጭቃው አወጡ።

«ዓሣ ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ብቻ ነው የሚጠጣው» አሉ። «ከእሱ በላይ ማን ጾመ?»

ይሄን መጽሐፍ ላይ አላነበብኩትም። መልስ ሳጣ ሌላ ነገር እጨምራለሁ። ስለዚህ ስለ ድስት አነሳሁ። ጥንቁቅ ሰው የጾም ድስቱን ከፍስክ ድስቱ ይለያል አልኳቸው። ማን ጠየቀኝ? እሳቸው ግን አንገታቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ ነው። ብዙ ታወራለህ። አሁን ውሃ ቅዳልኝ» አሉኝ።

ቀጥሎ አቦቦ ወርጄ እማዬን አስረዳኋት። እማማ አጁሉ ቤት ያቀረቡትን አለመብላት ሰውየውን አለመፈለግ እንደሆነ፣ አምና ያ ሁሉ ሰው በእሷ ምክንያት ጦሙን ሊያድር ምንም እንዳልቀረው፣ አንድ በአንድ ነገርኳት። ጌሾዋን እየለቀመች ሰማችኝ። «ሰማሁህ» አለች። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ሁለቱም ገብቷቸዋል። ጥፋቱ የመጣው ከዚሁ ነው፤ ሁለቱም ገብቷቸዋል።

በእነሱ ገና ቀን እማዬን ከመናኸሪያ ተቀበልኳት። ባጃጁ ውስጥ ስትገባ ጉልበቷን ይዛ «እህህ» አለች። መንገዱን ሁሉ ስለ መገጣጠሚያ ሕመም አስረዳኋት። ስለ ሚኒባስ ወንበር ጥበትም ጨመርኩ። ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ መንገዱን ታያለች።

እማማ አጁሉ በር ላይ የአሪየት አጎት ኦባንግ ቆሟል። ከጎግ ወረዳ በሞተር ነው የመጣው። በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ፣ ሕፃን ልጅ የሚያህል ዓሣ ታቅፏል። እህቱ እማማ አጁሉ ዓሣው ግቢ እንዳይገባ ከልክለውታል።

«አንተ ነህ አሉ ዓሣ የከለከልከው?» አለኝ።

«አልከለከልኩም፤ አብራራሁ እንጂ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ልዩነቱን ላስረዳው አፌን ስከፍት ዓሣውን የኋላ ወንበሬ ላይ አስተኝቶ ገባ።

ግቢው ጭር ብሏል። የፍየል ድምፅ የለም፣ የጥብስ ሽታ የለም። ምድጃው ላይ የተጣዱት ድስቶች አዳዲስ ናቸው፤ ከሱቅ ሲመጡ የተለጠፈባቸው ወረቀት እንኳ አልተላጠም። ከዘመድ ወገን የመጣው ሁሉ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሰዓት ያያል። ሰው በገዛ ገናው ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል ወይ? እማማ አጁሉ ቤት ዘንድሮ ጾመ። የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ከበሮ እየመቱ መጡ፣ ዘመሩ፣ እንደ ልማዱ የሚቀርብላቸውን ጠበቁ። ውሃ ቀረበላቸው። ሁለተኛው መዝሙር ላይ ድምፃቸው ትንሽ ወረደ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ምስር ወጥ፣ ክክ፣ ጎመን ቀረበ። እንጀራውን ደረጀ ከገበያ አምጥቷል። ሁሉም ዓይኑን እማዬ እጅ ላይ ተከለ። አሪየት ሆዷን ይዛ፣ ግድግዳ ተደግፋ ታያለች። ደረጀ እኔን ያያል። እማዬ አማተበች። ሳህኑን ወደ ቀኝ ገፋ፣ ወደ ግራ ገፋ አድርጋ አየችው።

«ሥጋውስ?» አለች።

ኦባንግ አንገቱን አስግጎ ወደ ሳህኑ አየ።

«ሥጋ የለም» አሉ እማማ አጁሉ። አማርኛቸው አንቱታ አያውቅም፤ ለሁሉም ሰው አንድ ነው። «ዓሣ የለም። ቅቤ የለም። ድስቱም አዲስ ነው። ልጅሽ ሁሉን ነገረኝ።»

«እኔ እኮ ልበላልዎት ነው የመጣሁት።»

«ምን?»

«ሥጋዎን። የነፍስ አባቴን ከጾሙና ከልጅ ልጄ የቱ ይበልጣል ብዬ ጠየቅኋቸው። ለፍቅር ከሆነ ሂጂ ቅመሺ፣ ከዚያ ስገጂበት አሉኝ። እኔ ደግሞ ዕዳ አልወድም። ስግደቱን አስቀድሜ ጨርሼ ነው የመጣሁት። ጉልበቴን ይዩት።»

ቀሚሷን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። አብጧል። ለካ የሚኒባሱ ወንበር ምንም አላጠፋም።

እማማ አጁሉ ጉልበቱን ጎንበስ ብለው አዩት። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ሌላ ነበር። «እኔ ፍየሏን ወደ ጎግ መለስኳት» አሉ ቀስ ብለው። «ለአንቺ ብዬ።»

«ታዲያ ስግደቴስ?» አለች እማዬ።

መጀመሪያ የሳቀው ኦባንግ ነው። ቀጥሎ አሪየት፤ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ። ሁለቱ ሴቶች ግን ወዲያው አልሳቁም። መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም በአንድ ላይ ዞረው እኔን አዩኝ።

«ይሄ ልጅ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አሉ እማማ አጁሉ።

«አፉን ከፈታ ጀምሮ» አለች እማዬ። «አባቱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሬዲዮ ገዝተን ቢሆን ይሻለን ነበር ይል ነበር። ሬዲዮ ይዘጋል።»

ያን ጊዜ ሳቁ። እንባቸው እስኪወርድ። እማዬ ከምስሩ ጠቅለል አድርጋ እጇን ዘረጋች። «አንቺ፣ ነይ ጉረሺ» አለች። አንቱታው በዓመቱ ወደቀ። እማማ አጁሉ መጀመሪያ እንግዳ ነው ብለው የራሳቸውን ጉርሻ አቀረቡ። ሁለቱም ቀድሜ አልጎርስም ስላሉ እኩል ጎረሱ። እማዬ እየዋጠች «ለመሆኑ እናንተ ለምንድን ነው የምትጾሙት? ያ ዓሣ ከባጃጅ ይውጣ እንጂ» አለች። መዘምራኑ ከበሮውን ያለማንም ትእዛዝ አነሱት።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። አላለቀም።

በሳምንቱ አሪየት ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ በሁለቱ ገናዎች መካከል ነው የመጣችው፤ ማንንም ላለማስቀየም ይመስላል። እማዬ አቦቦ አልተመለሰችም። የእኛም ገና እዚያው፣ እማማ አጁሉ ግቢ ሆነ። ገንፎው አንድ በኩል፣ የዓሣ ሾርባው ሌላ በኩል ይንተከተካል። የሚያመላልሰው ማን ነው? ዶሮዋን ከገበያ አምጣ። ሽንኩርት አነሰ። ጌሾው አቦቦ ቀርቷል፣ ሚኒባስ ላይ ተጭኗል፣ ሄደህ ተቀበል። ኦባንግ ፍየሏን መልሶ ልኳታል፣ መናኸሪያ ታስራ እየጮኸች ነው። በዚያ ሙቀት ዶሮ ወጥ ሲሠራ ቆማችሁ ሽንኩርት አማስላችሁ ታውቃላችሁ? ሁለት እናቶች፣ አንዷ ግራ፣ አንዷ ቀኝ፣ «አስረዳን እስቲ፣ ሽንኩርቱ ለምን አረረ?» እያሉ። ጾሙ ተፈትቷል፤ ማታ ስተኛ ግን ማማሰያ የጨበጡት ጣቶቼ አይፈቱም።

ባጃጄ እስከ ጥምቀት ዓሣ ዓሣ ሸተተች። ተሳፋሪ ገብቶ ያሸታል፣ ያየኛል። ዝም እላለሁ። ዝም አይነቅዝም። ባለፈው አንዷ ተሳፋሪ «ሁለት ገና ነው አሉ የምታከብሩት፤ የቱ ነው ትክክለኛው?» አለችኝ። «የደረሰው» አልኳት። እስከ ቤቷ ድረስ ተሳፈረችልኝ።

እርቅ ሸክም ያቀላል የሚሉ ሰዎች ባጃጅ የላቸውም። ሁለቱ ተኳርፈው በነበሩ ጊዜ አንድ ገና ነበር የምሠራው። አሁን ሲመካከሩ እሰማቸዋለሁ፤ ለከርሞ በአንዱም ገና በሌላውም ዘመድ ሁሉ ይጠራ ተባብለዋል። ከጎግም፣ ከአቦቦም፣ ከወሎም። «ባጃጁ አለ አይደል?» ትላለች እማዬ። «አለ» ይላሉ እማማ አጁሉ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። አንበሳውስ ታስሮ አረፈ።