«መብራት የለንም» ያልን ዕለት

እኛ ሰፈር ሰው ለሰው አይዋሽም ብዬ አልፎክርም። ለወረቀት ግን ይዋሻል። ወረቀትና እስክርቢቶ የያዘ ሰው በር ላይ ሲቆም ላሟ ትነጥፋለች፣ ጎተራው ይጎድላል፣ የልጁ ቁጥር ይበዛል። እናንተም ቤት እንዲሁ ነው፤ እንዳትክዱኝ።

ታከለ እባላለሁ፤ የሞጣ ልጅ ነኝ። ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጬ ቢቸና ቤት ተከራይቼ፣ የመብራት ምሰሶ የሚቆምበትን ጉድጓድ እቆፍራለሁ። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ወገቤ ግን ሃምሳ ሞልቶታል።

አንድ ቅዳሜ ከቁፋሮ ስገባ ዘይነባን ደጄ ላይ ቆማ አገኘኋት። ሞጣ ላይ የጨርቅ ነጋዴው የሐጂ ሰይድ ልጅ ናት፤ አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው። አሁን አዲስ አበባ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ዓለም አቀፍ የኃይል ፖሊሲ ትማራለች። አገር ለአገር መብራት እንዴት እንደሚሻሻጥ፣ ነዳጁ የት እንደሚሄድ፣ ማን ብርሃን አግኝቶ ማን ጨለማ እንደሚቀመጥ ያጠናሉ አሉ። ሲጨርሱ ደግሞ ይህ ሁሉ የሚወሰንበት ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ።

«ይኼ ጥናት ካማረልኝ ውጭ አገር ለሥራ ልምምድ ይልኩኛል። ከተበላሸ ቦታው ለሌላ ነው። ሰኞ አስረክባለሁ» አለችኝ።

ሁለት ቀን ሰፈሩን ስትዞር ከርማለች። የጠየቀቻቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ፦ መብራት የለንም። የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ወረቀቷን ሳይ እኔም ፊቴን አጨማደድኩ።

«እኛ ምን መብራት አለን ብለሽ ነው፣ ዘይነባ!»

ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ የዋለው መብራት የመጣው ይኼኔ ነው። አናቴ ላይ አምፖሉ ቦግ አለ። የጎረቤት ሬዲዮ አንባረቀ። ከአጥሩ ወዲያ አከራዬ እትዬ ጥሩ «ካውያ ልሰካ ነው! ስቶቫችሁን ንቀሉ!» ብለው ጮኹ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኔው እስኪያድርም አልጠበቀ።

ዘይነባ አምፖሉን አየች። እኔን አየች። «አንተ ታከለ፣ ይኼ ጨረቃ ነው?»

ተናዘዝኩ። ቆጣሪ ያላቸው እትዬ ጥሩ ብቻ ናቸው፤ ሽቦው በአጥር በአጥር እየዞረ ሰፈሩን ያበራል። ሰፈሩ ዘይነባን ቆጣሪ መዝጋቢ አድርጓት ነው፤ እኔ ደግሞ ወረቀት ሳይ ልማዴ ነው። «አለኝ» ያለ ሰው ደግሞ የራሱ ቆጣሪ አይደርሰውም።

ጀሪካን ላይ ዘፍ አለች። «ሁለት ቀን ሙሉ ውሸት ስለቅም ነው የከረምኩት። በቃ፣ ልሂድ።»

«የትም አትሄጂም» አልኳት። «ትምህርት ጥሎ መሄድ ለኔ ይብቃ። ተነሽ!»

የቁፋሮው ድካም ገና አልወጣልኝም ነበር። ቢሆንም ሽቦው ከየት ወጥቶ የት እንደሚገባ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። መጀመሪያ እትዬ ጥሩ ዘንድ ገባን።

«እትዬ፣ ይቺ ልጅ ቆጣሪ አትሰጥም፣ ሽቦም አትቆርጥም። ተማሪ ናት።»

«ታዲያ ይኼን ቀድመህ አትናገርም? መዋሸት እኮ ያደክማል!» አሉ ካውያቸውን እንደያዙ። ወደ ዘይነባ ዞር ብለው «ጻፊ ልጄ፤ ሁላችንም መብራት አለን። እኔ ካውያ ስሰካ ግን እነሱ የላቸውም።»

ወረቀቱ ላይ ያለው ምርጫ «አለ» እና «የለም» ብቻ ነበር። ዘይነባ ሁለቱንም ሰርዛ የእትዬን ቃል እንዳለ ጻፈችው። ሲመሽ ሰፈሩን አዳርሰን ነበር።

ከወር በኋላ ደወለች። ተመርጣለች! መምህሯ የእትዬን ቃል ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ አንብቦታል አሉ። ደስታዋን ስትጨርስ «አንተስ?» አለችኝ። ይቺ «አንተስ» ከዶማው በላይ ከበደችኝ።

በነጋታው ለማታ ትምህርት ልመዘገብ ሄድኩ። ፎርም ሰጡኝ። «ትምህርት ያቋረጡበት ምክንያት» ይላል። እጄ ልማዱ ነውና «በቤተሰብ ችግር» ብሎ ጀመረ። አምፖሉ ትዝ አለኝ። ሰረዝኩትና «ደክሞኝ» ብዬ ጻፍኩ።

መዝጋቢው አዛውንት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃም አዩ።

«አሁንስ አልደከመህም?»

«ደክሞኛል» አልኳቸው። «ይመዝግቡኝ።»