የሮቶው ቁልፍ ሰመራ ነው

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ሳይታመሙ ስላደሩ ያመሰገኑት የመንግሥት ሠራተኛ አለ? የለም። ሐኪም መርፌ ወግቶ ካዳነን ዕድሜ ልካችንን ስሙን እናነሳለን። ውኃችንን አይቶ፣ ምግብ ቤቱን ተቆጥቶ፣ የወባ ትንኟን አባሮ ጭራሽ እንዳንታመም ያደረገንን ሰው ግን መንገድ ላይ ስናገኘው «ይኼ ደግሞ ሥራው ምንድን ነው?» እንላለን። የጤና ማሻሻያ የሚሉት ነገር አዋሽ ሲደርስም ይህንኑ ጥያቄ ጠየቀ። መልስ ሳይጠብቅ ሰውየውን ወደ ሰመራ አዛወረው።

ሰውየው አቶ ያሲን ይባላል። እኔ ደግሞ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ አዋሽ ተወልጄ፣ በጅቡቲ በኩል ወጥቼ፣ ዕድሜዬን ማርሴይ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አቧራ ሳራግፍ ጨርሼ የተመለስኩ አሮጊት። ስመለስ ያባቴ ባቡር የለም፤ ጓደኞቹም የሉም። ሳይለወጥ የጠበቀኝ ሙቀቱ ብቻ ነው።

የግቢያችን ሰው ሁሉ የሚጠጣው ከአንድ ጥቁር ሮቶ ነው። ያሲን እያለ ይመጣል፤ ክሎሪን ይጨምራል፤ ክዳኑን ይቆልፋል፤ «ያለ እኔ ማንም እንዳይከፍት!» ብሎ ይቆጣናል፤ ይሄዳል። እኛም ከኋላው እንስቅበታለን። ሲዛወር የቁልፉን ቀለበት ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ሄደ። ሥራውን የሚረከበው ሰው አልተመደበማ! ቁልፉን ለማን ይስጥ?

የአዋሽ ፀሐይ ግን ተረካቢ እስኪመደብ አትጠብቅም። ክዳኑን ሰነጠቀችው። ስንጥቁ ድመት የሚያስገባ፣ ሰው የማያስገባ ሆነ። አንዲት ድመት ርግብ ስታባርር ገባች፤ መግባቷን ያወቅነው ከሽታዋ ነው። ይህ በሆነ ጊዜ የጎረቤቴ የፋጡማ የልጅ ልጅ፣ ገና ጡት የጣለ ሕፃን፣ ተቅማጥ ይዞት ዓይኑ ጎድጉዷል። ውኃ ያስፈልገዋል፤ ያለን ውኃ ደግሞ የድመት ሾርባ ነው።

ጤና ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። «እናታችን፣ በአዲሱ አሠራር የእኛ ድርሻ ግንዛቤ መፍጠር ነው» አሉኝ። ግንዛቤውማ ከአፍንጫችን አልፎ ሰፈሩን አዳርሷል! ውኃ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ውኃ እስከ ቧንቧው አፍ ድረስ የእነሱ ነው፤ ሮቶ ከገባ የጤና ነው። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እነሱስ ደጎች ናቸው፤ ለሕፃኑ በውኃ የሚበጠበጠውን ዱቄት ሰጡና «በንጹሕ ውኃ ብቻ!» ብለው አስጠነቀቁኝ። ለእኛም የጤና መድን ስላለን ስንታመም እንድንመጣ ነገሩን። «የሁለት ቤት ድመት በረሃብ ትሞታለች» ይላሉ። የሦስት ቢሮ ድመት ግን ውኃ ውስጥ ሞታ እዚያው ትቀራለች።

ፋጡማ ድንጋይ አንስታ መጣች። ክንዷን ያዝኳት። የመንግሥት ቁልፍ በድንጋይ እንደማይሰበር፣ ሥርዓት የሌለው አገር መጨረሻው ምን እንደሆነ፣ ያነበብኩትን ሁሉ እየጠቀስኩ አስረዳኋት። ሰመራ ሄጄ ቁልፉን አመጣለሁ አልኩ። ሰምታ ሰምታ፣ «ሶስና፣ ያንቺ ሥርዓት ልጁን ውኃ ያጠጣዋል?» አለችኝ። ክንዷን ለቅቄ ስዞር «ሂጂ እንግዲህ። ልጁ ግን አይጠብቅሽም፣ ወላሂ» አለች። ድንጋዩን እንዳላስቀመጠች ልብ ማለት ነበረብኝ።

ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ አንድ የአፋር ሽማግሌ ተቀምጠዋል። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ሰላምታው ወሬ ነው፤ ያየውን የሰማውን ሁሉ ሳይቀባበል አይለያይም። ዳጉ ይሉታል። ወሬ መስጠት ግዴታ ነው፤ መንፈግ ውኃ እንደ መንፈግ ይቆጠራል። ሽማግሌውም እኔን እንደ ሰው ቆጥረው፣ «አንቺ እናት፣ ከየት ነው? ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?» አሉኝ። «ደህና ነው» ብዬ ስልኬን ዘጋሁና መጽሐፌን ከፈትኩ። ማርሴይ ውስጥ ይህ ጨዋነት ነው። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ገዋኔ ስንቆም ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ፣ ከሌላ መኪና ከወረደው ጋር ቆሞ ሲያወጋ እኔ ሙቀቱ ውስጥ ተቀምጬ ምዕራፌን ጨረስኩ።

ሰመራ ደረስኩ። ያሲን ከስብሰባ ወጣ። የስብሰባው ርእስ፣ ይመኑኝ፣ በማሻሻያው ውስጥ የአካባቢ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ድርሻ ነበር። ገና አፌን ሳልከፍት፣ «እማማ ሶስና! አልሐምዱሊላህ፣ ድመቷ ወጣች አይደል?» አለኝ። የትኛዋ ድመት እንዳልለው የማውቃት ድመት አንድ ናት። ለካ ሚኒባሴ ገና ከአዋሽ ሳይርቅ ፋጡማ ጓጉንቸሩን በድንጋይ አድቅቃው፣ ድመቷን አውጥታ፣ ሮቶውን በበረኪና አጥባ ሞልታዋለች። ሕፃኑም ዱቄቱ ተበጥብጦለት ጠጥቶ ተኝቷል። ወሬው ገዋኔ ላይ ቀድሞኝ አልፏል። «ደግሞ» አለ ያሲን ሳቁን እየዋጠ፣ «አንዲት አሮጊት ዳጉ ነፍጋ መጽሐፍ ስታነብ ነበር ብለውኛል።»

ቁልፉን ከቀለበቱ ፈትቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ትናንት ብመጣ ኖሮ ርክክብ ስላልተፈጸመ አይሰጠኝም ነበር፤ አሁን ግን የሚከፍተው ነገር ስለሌለ ምንም ችግር የለውም አለኝ። ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁበትን አግኝቼ ተመለስኩ።

ፋጡማ፣ ገዋኔንም ሰመራንም አንድ በአንድ ሳታስወራኝ ውኃ አላጠጣችኝም። ነገርኳት። ሕፃኑ ጭኗ ላይ ሆኖ የመጽሐፌን ሽፋን ያኝካል።

ከዚያ በኋላ ጤና ጽሕፈት ቤቱ መጣ። አዲስ ክዳን ገጠሙ፣ ከበፊቱ የወፈረ ጓጉንቸር አንጠለጠሉ፣ «ኅብረተሰቡ የጤናው ባለቤት ሆኗል» ብለው ፋጡማን ከሮቶው ጋር ፎቶ አነሷት። ቁልፉስ? ለርክክብ ወደ ሰመራ ሄደ። ፋጡማም ድንጋዩን ሮቶው ሥር በጥንቃቄ አስቀምጣዋለች።

«ይቅር በያቸው እንግዲህ፣ አላህ መሐሪ ነው» ትለኛለች ዘወትር። ነው እንጂ! ምሕረት የእርሱ የሥራ ድርሻ ነው፤ የእኔ አይደለም። ያሲንን፣ ጽሕፈት ቤቶቹን፣ ገዋኔ ላይ ቆመው ያሙኝን፣ ድመቷንም ቢሆን፣ ማንንም ይቅር አልልም።