የማያፈራው ኮሶ

ስለ ደን ሦስት ወር የተማረ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ዛፍ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። በላቲን ይጠራዋል፤ ቅጠሉን ይበጥሳል፤ ከዚያ ይፈርድበታል። አንዱን በደንብ አውቀዋለሁ፤ እኔው ራሴ ነበርሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ለመጀመሪያው የኮሌጅ ዕረፍቴ የትውልድ ከተማዬ ቆሰበር እንደገባሁ የጎረቤታችንን የአያ ታረቀኝን ጓሮ መረመርሁ። ካሏቸው ሁለት ኮሶዎች አንዱ ዘር ይዞ አያውቅም። ታሟል አልሁ፤ ሌላውን ሳይበክል መቆረጥ አለበት። አያ ታረቀኝ ከግምጃ ቤት ገበያ ሲመለሱ መጥረቢያ አንሥቼ ደረሱብኝ።

ከፈረሳቸው ሳይወርዱ፣ «ልጄ፣ አባትህ አርግዞ ያውቃል?» አሉኝ።

«ኧረ አያ፣ ምን ማለትዎ ነው?»

«ታዲያ እሱንም ልትቆርጠው ነው? ይህ ወንዴው ነው። እሱ ከሌለ ሴቴዋም ዘር አትይዝ።»

መጥረቢያውን ቀስ ብዬ አስቀመጥሁ። የላቲን ስሙም በዚያች ሰዓት ከአፌ ጠፋ።

ዛሬ ደን አስተምራለሁ። በየዓመቱ የመጀመሪያውን ትምህርት የምጀምረው በዚያ ጥያቄ ነው። ተማሪዎቼ ይስቃሉ። እኔ ግን አያ ታረቀኝን አመሰግናለሁ፤ ኮሶውን ብቻ ሳይሆን አባቴንም ከመጥረቢያዬ አድነውልኛል።